ምግብ ቤት ሲዘጋ ምን ይጠፋል? የቴሌግራፍ አቬኑ ታሪክ

በካሊፎርኒያ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ከኦክላንድ መሐል ከተማ ተነሥቶ በርክሌይ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ያበቃል። ስሙን ያገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን ከተዘረጋው የቴሌግራፍ መስመር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞችን ሕግ ካወጣች ወዲህ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወደ አካባቢው በብዛት ሲመጡ፣ በጎዳናው ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተበራከቱ። የተከፈተው ብዙ ነው፤ የተዘጋውም እንዲሁ። ይህን ያየ የኢኮኖሚ ባለሙያ ደካማው ወጣ፣ ብርቱው ገባ፣ ምርታማነት አደገ ብሎ ሊደመድም ይችላል። ለዚህ ጎዳና ግን ድምዳሜው ግማሽ እውነት ነው፤ እዚህ ምርታማነት ያደገው በአብዛኛው በቤቶቹ መካከል ባለው ትስስር ነው ባይ ነኝ።

ድምዳሜው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ፎስተር፣ ሃልቲዋንገርና ክሪዛን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ በ1990ዎቹ የአሜሪካ ችርቻሮ ንግድ ምርታማነት ያደገው ከሞላ ጎደል በሱቆች መተካካት እንደሆነ አሳይተዋል። ዝቅተኛ ምርታማነት የነበራቸው ተዘጉ፤ በአብዛኛው የትልልቅ ኩባንያዎች ቅርንጫፎች ተኳቸው። ቴሌግራፍም ይህን አይቷል፤ ስመ ጥሩው የኮዲስ መጻሕፍት መደብር በዚያው በ2006 የጎዳናውን ቤት ሲዘጋ፣ ገዢው ወደ ሰንሰለት መደብሮችና ወደ ኢንተርኔት ሄዶ ነበር።

እንጀራ ግን ሌላ መንገድ ነበረው። አንድ ምግብ ቤት ራሱ ሲጋግር ሊጡ ቀናት ይፈጅበታል፤ የቀረረው ውሃ ይቀዳል፣ አብሲቱ ይጣላል፣ ከዚያ ጋጋሪዋ ከኤሌክትሪክ ምጣዱ ሳትርቅ አንድ በአንድ ታወጣለች። ጤፉም ብርቅ ነበር። ኢትዮጵያን ያወቀው ዌይን ካርልሰን አይዳሆ ውስጥ ጤፍ መዝራት መጀመሩ፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2006 እህሉ ወደ ውጭ እንዳይወጣ መከልከሏ፣ የአሜሪካውን ጤፍ አስፈላጊ አደረጉት። ለብዙ ቤት የሚጋግሩና በከረጢት የሚያከፋፍሉ ጋጋሪዎች ሲመጡ፣ አዲስ ከፋች ምጣድ ሳይገዛ፣ ጋጋሪም ሳይቀጥር ወጥ መሥራት ላይ ብቻ ማተኮር ቻለ። በርበሬና ሽሮም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ካፌ ኮሉቺን የከፈተችው ፈትለወርቅ ተፈሪ ብሩንዶ በተባለው ድርጅቷ ቅመም መሸጥን ራሱን የቻለ ሥራ አድርጋዋለች። አንዱ ቤት ቢዘጋ ይህ ሁሉ አብሮት አይዘጋም፤ ወጥ ሠሪዋ ጎረቤት ትቀጠራለች፣ ጋጋሪውም ለሌላው ያደርሳል።

ተቃዋሚ እነዚህ ቤቶች የቆሙት በቤተሰብ ያልተከፈለ ጉልበት ነው ሊል ይችላል። በከፊል ልክ ነው፣ ጉዳዩም ቀላል አይደለም። የሚስትና የልጆች ሰዓት በደመወዝ መዝገብ ስለማይገባ፣ በሠራተኛ ሲካፈል ሽያጩ ከእውነቱ በላይ ያምራል። የአንድ ቤት ዕድሜ ብቻውን የብቃት ማስረጃ የማይሆነውም ለዚህ ነው። መዘጋትም ግን የድክመት ማስረጃ አይደለም፤ የቤት ኪራይ ወይም ተተኪ ማጣት ባለሙያውንም ያስወጣል። ካፌ ኮሉቺ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ከቴሌግራፍ ወደ ሳን ፓብሎ አቬኑ ተዛውሯል። በአድራሻ ብቻ ለሚቆጥር አንድ ቤት ተዘግቶ ሌላ ተከፍቷል፤ ሙያው ግን ያው ነው።

ስለዚህ በዚህ ጎዳና አደጋው የት እንዳለ ለሚጠይቅ መልሴ ምግብ ቤቶቹ አይደሉም። አንድ ምግብ ቤት ቢዘጋ ደንበኛው ሌላ በር ያንኳኳል። ለብዙ ቤት የሚጋግረው ግን ኪራዩን መክፈል ቢያቅተው፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደየራሱ ምጣድ ይመለሳል።