የአባቶች ድርሻ በሕፃናት አመጋገብ፦ ደብረ ታቦርና የደቡብ ጎንደር ደጋ

በሕፃናት አመጋገብ የአባት ድርሻ የሚባለው አባት የልጁን ምግብ በማቅረብ፣ በማዘጋጀትና በማጉረስ፣ እንዲሁም የምታጠባ ሚስቱን ሥራ በማቃለል የሚያደርገው ተሳትፎ ነው። በደብረ ታቦርና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የጉና ተራራ ዙሪያ፣ በፋርጣና በላይ ጋይንት ደጋ፣ የሕፃን ምግብ ለረጅም ዘመን የእናትና የአያት ጉዳይ ሆኖ ኖሯል።

ደጋው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ያበቅላል፤ ከሥሩ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በወተት ላሙ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ የአገሪቱ አማካይ 37 በመቶ ነበር። መቀንጨር በአብዛኛው የሚበረታው ከ6 እስከ 23 ወር ባለው ዕድሜ ነው። ሕፃን እስከ 6 ወሩ ውኃ እንኳ ሳይጨመር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ካላገኘ እድገቱ ይጎዳል።

የአካባቢው ባህል ለአባት ሥራ አላጣም። ሚስቱ ስትወልድ በግ ወይም ዶሮ ያርዳል፣ ለአራሷ ገንፎ ቅቤ ያመጣል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ከተነሡ በኋላ ግን ይህ ትጋት ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል። የሚያሳዝነው ልጁ ምግብ የሚጀምርበት ወር ገና ከፊት መሆኑ ነው።

በዚያ ወር አባት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለመረዳት የእንቁላልን ነገር ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ዶሮዋ የእናት ናት፤ እንቁላሉም በገበያ ቀን ለጨው፣ ለዘይትና ለሳሙና ይሸጣል። አባት ከእህል ሽያጩ ላይ እነዚህን የሚሸፍን ከሆነ እንቁላሉ ለልጅ ይቀራል። ሦስት እጅ ገብስ ከአንድ እጅ ባቄላ ጋር ተቆልቶና ተፈጭቶ ገንፎ ሲገነፋ፣ ከእሳት ሳይወርድ አንድ እንቁላል ተመትቶ ይገባበታል፤ በደቃቁ የተከተፈ ጎመንና ጥቂት ቅቤ ይጨመራል። ከማንኪያ የማይፈስ መሆን አለበት፤ የቀጠነ አጥሚት ትንሿን ሆድ ሞልቶ ጉልበት አይሰጥም። እናት እንጀራ ስትጋግር ልጁን ታቅፎ ይህን ማጉረስ ለአባት የሚከብድ ሥራ አይደለም። የሚከብደው «ጓዳ ገባ» መባሉ ነው።

ጾምም አለ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ጾም አታስገድድም፤ ሆኖም ዕቃው እንዳይነካካ በመስጋት በብዙ ቤት በዐቢይ ጾም ለልጅም ወተትና እንቁላል አይሠራም። አባት ለልጁ የተለየ ድስት ቢገዛ፣ የንስሐ አባትም ቢያበረታቱ፣ ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል።

መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ገብቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር ግን የምታገኘው በአብዛኛው እናትን ነው፤ አባት እርሻ ላይ ነው። ወንዶቹ የሚሰበሰቡት በደቦ፣ በማኅበርና በሰንበቴ ስለሆነ ትምህርቱ እዚያው ቢደርስ ይሻላል። በሕግ በኩል ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ 3 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል፤ የደጋው አራሽ ግን ቀጣሪ የለውምና ሕጉ አይደርስለትም።