ጓያና የወሎ ደጋ፦ ከረሃብ ታሪካችን አንድ ምዕራፍ

ስለ ወሎ ረሃብ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. እልቂት ነው። በጤና ተቋማትም የምግብ እጥረት በአብዛኛው የሚለካው በክብደት፣ በቁመትና በክንድ ዙሪያ ነው። ይሁን እንጂ ሆዱ ባዶ ሳይሆን፣ አካሉም ሳይከሳ፣ በምግብ እጥረት ሳቢያ ዕድሜ ልኩን የሚሰናከል ሰው መኖሩን የወሎ ደጋ ታሪክ ያስተምራል።

ከደሴ በአቀስታ በኩል እስከ መካነ ሰላም የሚዘልቀው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋና ከበሽሎ ማዶ ያለው የደላንታ አምባ ተመሳሳይ ኑሮ አላቸው። ገበሬው ዝናብ ጠባቂ ነው፤ ገደሉ ጥልቅ፣ ገበያው ሩቅ ነው። ዝናብ ሲከዳ ሌላው አዝመራ ይጠፋል፤ ድርቅንም ሆነ ውሃ የተኛበትን መሬት የሚቋቋመው ጓያ ግን ይተርፋል። ድኻን ከሞት የሚያሻግረው ይኸው እህል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 በደረሰው ድርቅ፣ ያኔ አንድ ወረዳ በነበረው ደላንታና ዳውንት ከጓያ በስተቀር አዝመራው ጠፋ። ሕዝቡ ለወራት ጓያን ዋነኛ ምግቡ አደረገ። በተከተለው ወረርሽኝ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች እግራቸው ተሳሰረ። ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በደምቢያና በፎገራ ተመሳሳይ ወረርሽኝ ደርሶ ነበር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የበሽታውን ስርጭት አጥንተዋል።

ጓያ ቤታ ኦዳፕ የተባለ የነርቭ መርዝ አለው። ሜቲዮኒንን የመሰሉ ድኝ ያላቸው አሚኖ አሲዶች ደግሞ ያንሱታል። ሰው ጓያን ብቻ ለወራት ሲመገብ መርዙም እጥረቱም በአንድነት ይጫኑታል፤ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርሱ ነርቮችም ይጎዳሉ። እግር ይገተራል፤ ሕመምተኛው በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ በአንድ ወይም በሁለት ምርኩዝ ይሄዳል፤ የባሰበት ይድሃል። አእምሮውና የመዳሰስ ስሜቱ ግን ደህና ናቸው። ይበልጥ የሚጠቁት ወጣት ወንዶች፣ ማለትም የቤቱ አራሾች ናቸው። አንዴ ከደረሰ ፈውስ የለውም።

ዶ/ር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲው ፈርናንድ ላምበይን ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ጥናት፣ አደጋው በአዘገጃጀት እንደሚለያይ ታወቀ። እሸቱ፣ ንፍሮውና ቆሎው ከሽባነት ጋር ሲያያዙ፣ እንጀራው፣ ቂጣውና ወጡ አልተያያዙም። ጓያን ከእህል ጋር መቀላቀልና ቅመም ካለው ወጥ ጋር መብላት አደጋውን ይቀንሳል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም የመርዙን ከፊል ያስወግዳል።

ሕዝቡ በበኩሉ በሽታው ከጓያ መምጣቱን ከጥንት ያውቃል። ብዙዎች ግን ጥፋቱን የሚሰጡት ለሚበላው ሳይሆን ሲቀቀል ለሚወጣው እንፋሎት ወይም ለገለባው ነው። በዚህ የተነሳ ከእንፋሎቱ የሚሸሽ ሰው ንፍሮውን ያለ ስጋት ሊበላ ይችላል።

ስለዚህ በመካነ ሰላምም ሆነ በአቀስታ የሚሠራ የጤና ባለሙያ፣ ከመጥፎ አዝመራ በኋላ እግሩ የከበደው ወጣት ሲመጣለት ሚዛኑ ብቻ አይበቃውም። ቤተሰቡ ምን፣ ለስንት ጊዜ፣ እንዴት አዘጋጅቶ እንደተመገበ መጠየቅ ይገባዋል። «ጓያ አትብሉ» ማለት ሌላ እህል ለሌለው ምክር አይደለም፤ ከጓያው ጋር የሚቀላቀል እህል በጊዜ እንዲደርስ ለወረዳው ማስታወቅ ግን የሕክምናው አካል ነው። የደላንታ ሰዎች የተሰናከሉት ምግብ ስላጡ ብቻ ሳይሆን አንድ ምግብ ብቻ ስለቀራቸው ነውና።