የሁለቱ ኩርድ ድርጅቶች ጠብና የዋሽንግተን ፖሊሲ

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የሰሜን ኢራቅ ኩርዶች አሜሪካንን አምነው ሲጎዱ የ1996ቱ የመጀመሪያቸው አልነበረም። በ1972 ኒክሰንና ኪሲንጀር የኢራኑ ሻህ በጠየቃቸው መሠረት ለሙላ ሙስጠፋ ባርዛኒ በስውር ገንዘብና መሣሪያ ይልኩ ጀመር። በማርች 1975 ሻሁና ሳዳም ሑሴን አልጀርስ ላይ ሲታረቁ ርዳታው ተቋረጠ፤ ትግሉም ፈረሰ። ይህ ብዙ የተጻፈለት ስለ ሆነ አልፈዋለሁ። እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ የልጁ ዘመን ነው።

ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ አሜሪካ፣ ብሪታኒያና ፈረንሳይ ከ36ኛው መሥመር በስተሰሜን የኢራቅ አውሮፕላን እንዳይበር ከለከሉ። በዚያ ጥላ ሥር ኩርዶች በሜይ 1992 ምርጫ አካሄዱ። የማስዑድ ባርዛኒ ዲሞክራሲያዊ ፓርቲና የጃላል ታላባኒ አርበኞች ኅብረት ያገኙት ድምፅ ተቀራራቢ ነበርና ሥልጣኑን እኩል ተካፈሉ። በወረቀት ላይ መልካም ነበር፤ በተግባር ግን በየቢሮው ሁለት አለቃ፣ በየአገሩ ሁለት ጦር ሆነ። በቱርክ ጠረፍ ኢብራሂም ኸሊል የሚሰበሰበው ቀረጥ በባርዛኒ እጅ መግባቱ ጠቡን አከረረው፤ በሜይ 1994 ወንድም በወንድሙ ላይ ተኮሰ።

ዋሽንግተንስ ምን አደረገች? በ1995 አየርላንድ ውስጥ ድሮሄዳ ላይ ሁለቱን አነጋገረች፤ አልተስማሙም። የፖሊሲዋ ግብ ሳዳምን አጥሮ መያዝ፣ ቱርክንም አለማስቀየም ነበር፤ ኩርዶቹ ለዚህ መሣሪያ እንጂ ራሳቸው ዓላማ አልነበሩም። ታላባኒ ወደ ኢራን ተጠጋ። ባርዛኒ ደግሞ (ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል) በ1983 የገዛ ጎሣውን ወንዶች በሺህ እያስጋዘ ያስፈጀውን ሳዳምን ጠራ።

ኦገስት 31 ቀን 1996 የኢራቅ ታንኮች ኤርቢል ገቡ። ኤርቢል ከ36ኛው መሥመር በስተሰሜን ናት፤ የተከለከለው ግን አውሮፕላን እንጂ ታንክ አልነበረም! በአሜሪካ ገንዘብ እዚያ የተደራጁት የሳዳም ተቃዋሚዎች እየተለቀሙ ተገደሉ። አሜሪካ በሴፕቴምበር 3 እና 4 በድምሩ 44 ሚሳይሎች ተኮሰች፤ የተኮሰችው ግን በሩቁ ደቡብ ኢራቅ በነበረው የአየር መከላከያ ላይ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሁለቱ መሪዎች ዋሽንግተን ላይ የተፈራረሙት በሴፕቴምበር 17 ቀን 1998፣ ማድሊን ኦልብራይት ባሉበት ነው። ለሁለት የተከፈለው አስተዳደር ግን አንድ ለመሆን እስከ 2006 ፈጀበት።

ከኤርቢል መውደቅ በኋላ 6,600 ያህል ሰዎች ከነቤተሰባቸው በቱርክ በኩል ጉዋም ወደምትባል የፓሲፊክ ደሴት ተወስደው፣ ከዚያ አሜሪካ ገብተዋል። ማን ይሳፈር የሚለውን የወሰነው ለአሜሪካ መንግሥት ወይም በአሜሪካ ገንዘብ ለሚንቀሳቀስ ድርጅት ሠርቷል ወይ የሚለው ጥያቄ ነበር። በዚያው ሴፕቴምበር ከሱለይማንያ ቤቱን ዘግቶ ወደ ኢራን ጠረፍ በእግሩ የተሰደደው ሕዝብ በዝርዝሩ አልነበረም።