የነገሥታት ግዞት፥ የሙሽሮች ጫጉላ

በአገራችን ልማድ ሙሽራውና ሙሽራይቱ ከሠርጉ በኋላ ለብቻቸው የሚሰነብቱበት ማረፊያ ጫጉላ ይባላል። ጫጉላ ከሰው ዓይን የተከለለ ነው፤ ይሁን እንጂ ከመንደሩ የራቀ አይደለም። ምግቡን ዘመድ ያቀርባል፥ ሚዜም ከደጅ አይጠፋም። የዛሬ ሙሽሮች ግን፥ አቅሙ ያላቸው እንደሆነ፥ ይህን ከለላ ከባሕር ማዶ ይፈልጉታል፤ ስሙም ረዝሞ «የጫጉላ ሽርሽር» ተብሏል። ለዚህ ዓይነቱ ሽርሽር በዓለም ስማቸው ከገነነው ሥፍራዎች አንዱ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ያለው የሲሸልስ ደሴቶች አገር ነው። የእንግሊዙ ልዑል ዊልያም በ2011 ካገቡ በኋላ ከባለቤታቸው ጋር የሄዱት ወደዚሁ አገር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ባሕሩ ጥራትና ስለ አሸዋው ንጣት የሚያወሱ ጽሑፎች ሞልተዋልና በዚያ ላይ የምንጨምረው የለም። እኛ የምናወሳው ስለ ርቀቱ ነው። ዛሬ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚሻው ያ ርቀት፥ ትናንት ንጉሥን ከሕዝቡ ለመነጠል ያገለገለ መሣሪያ ነበር።

የደሴቶቹ ቍጥር 115 ነው ይባላል። ዋናው ደሴት ማሄ ከአፍሪካ ጠረፍ 1500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ደሴቶች ከግራናይት ድንጋይ የተሠሩ ተራሮች ሲሆኑ፥ የቀሩት ዛጎልና አሸዋ የጣላቸው ዝቅተኛ መሬቶች ናቸው። ፈረንሳዮች በ1756 የባለቤትነት ምልክታቸውን ተክለው፥ በንጉሣቸው በሉዊ 15ኛ የገንዘብ ሹም በሞሮ ደ ሴሼል ስም ሰየሟቸው። የመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎች የገቡት በ1770 ነው፤ ከእነርሱም ጋር በባርነት የተያዙ ሰዎች መጡ። በናፖሌዎን ጦርነት ማብቂያ በ1814 በፓሪስ ውል ደሴቶቹ የእንግሊዝ ሆኑ።

እንግሊዞች ከዚህ አገር ብዙ ሀብት አላገኙም። ነገር ግን ወርቅና የዝሆን ጥርስ ከማይገኝበት ከዚህ ሥፍራ ሌላ ጥቅም እንደሚገኝ ተረዱ። በግዛታቸው ውስጥ አልገዛም ያለ ንጉሥ ቢገደል ሕዝቡ ይነሣል፤ በአገሩ ቢታሠር ወገኖቹ ሊያስፈቱት ይመጣሉ፤ ከውቅያኖስ መካከል ቢቀመጥ ግን የሚደርስለት የለም። በእኛም ታሪክ፥ ዙፋን ይሻሉ ተብለው የተፈሩ ልዑላን በአምባ ግሸን፥ ኋላም በወህኒ አምባ ይጠበቁ ነበር። ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም። በአምባ ላይ ያለ ልዑል የአገሩን ቋንቋ ይሰማል፥ የአገሩንም ማሳ ቁልቁል ያያል፤ በማሄ ላይ ያለ ንጉሥ የሚያየው ውኃ ብቻ ነው።

በ1877 የማላያው የፔራክ ሱልጣን አብዱላህ ወደዚያ ተላኩ። በ1899 ደግሞ የቡኞሮው ንጉሥ ካባሌጋና የቡጋንዳው ንጉሥ ሙዋንጋ በአንድነት ተማርከው፥ የሁለቱም መጨረሻ ሲሸልስ ሆነ። የሁለቱ መንግሥታት ጠላትነት ጥንታዊ ነበር፤ ግዞት ግን ጎረቤት አደረጋቸው። ሙዋንጋ በ1903 እዚያው ሞቱ። ካባሌጋ በተማረኩበት ጊዜ በቈሰለው ክንዳቸው ምክንያት አንድ እጃቸውን ያጡ ሲሆኑ፥ ከሃያ ዓመት በላይ ከኖሩ በኋላ በ1923 አገራቸው እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። ይሁን እንጂ መንገድ ላይ ጂንጃ ሲደርሱ ዐረፉ፤ ቡኞሮን አላዩም።

ከሁሉ ይልቅ ታሪኩ ሊነገር የሚገባው የአሳንቴው ንጉሥ ፕሬምፔህ ነው። የአሳንቴ አገር ዛሬ ጋና በሚባለው ውስጥ ይገኛል። እንግሊዞች በጥር 1896 ኩማሲ ገብተው፥ ንጉሡን ከእናታቸውና ከዘመዶቻቸው ጋር ማረኳቸው። በመጀመሪያ በኤልሚና፥ ቀጥሎም በሴራሊዮን አቆዩአቸው፤ በ1900 ወደ ሲሸልስ አሻገሯቸው። በዚያው ዓመት አሳንቴዎች በአንዲት ሴት መሪነት፥ በእቴጌ ያ አሳንቴዋ፥ ለጦርነት ተነሡ፤ እርሷም ተማርካ ወደ ንጉሧ ደሴት ተላከች።

ንጉሥ ፕሬምፔህ በግዞት አልቦዘኑም። ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ ክርስትናም ተነሥተው ኤድዋርድ ተባሉ። በ1907 ደግሞ የአሳንቴን ነገሥታት ታሪክ እየነገሩ በእንግሊዝኛ አስጻፉ። አንባቢ ይህን ልብ እንዲለው እንወዳለን፤ የአንድ ታላቅ መንግሥት ታሪክ በባለቤቱ አንደበት የተጻፈው በኩማሲ አደባባይ ሳይሆን፥ ታሪኩን የሚያስታውሱ ጥቂት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በቀሩበት በባዕድ ደሴት ላይ ነው። ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ያልቁ ነበር። የንጉሡ እናት በ1917፥ ያ አሳንቴዋም በ1921 እዚያው ሞቱ። ንጉሡ በ1924 ወደ ኩማሲ ሲመለሱ ከተማረኩ 28 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ጎልማሳ ሳይሆኑ ሄደው ሽማግሌ ሆነው ተመለሱ።

ከነገሥታቱ ቀጥሎ የመጡት የፖለቲካ መሪዎች ናቸው። የግብፁ ሳዓድ ዛግሉል በ1921 መጨረሻ ከአገራቸው ተወስደው በሲሸልስ ጥቂት ወራት ታገዱ። የቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስም ከ1956 እስከ 1957 ከማሄ ተራራ ላይ በአንድ ያማረ ቤት ተቀመጡ። ሁለቱም ከተመለሱ በኋላ አገራቸውን መርተዋል።

የእኛም ሰዎች የደሴትን ግዞት አያውቁትም አይባልም። በ1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ብዙ መኳንንትና ወይዛዝርት ወደ ኢጣልያ ሲጋዙ፥ ከሥፍራዎቹ አንዱ የአዚናራ ደሴት ነበር። ልዑል ራስ እምሩም በፖንዛ ደሴት ታሥረዋል፤ ሙሶሊኒ ራሱ በ1943 ከሥልጣን በወደቀ ጊዜ ጥቂት ቀን የታሠረው በዚያችው በፖንዛ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። ዛሬ አዚናራም ፖንዛም የመዝናኛ ሥፍራዎች ናቸው።

ወደ ሲሸልስ እንመለስ። ይህን አገር ገነት ብለው ከጠሩት አንዱ ወታደር ነው። በ1879 ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ለመደራደር የመጣው ጄኔራል ጎርደን በ1881 ፕራስሊን ወደ ተባለው ደሴት ሄዶ፥ ኮኮ ደ ሜር የሚባለውን ዘንባባ ባየ ጊዜ፥ የኤደን ገነት ይህ ነው፥ ዛፉም የእውቀት ዛፍ ነው ብሎ አመነ። የዚህ ዛፍ ፍሬ በዓለም ካሉት ዘሮች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ዛፉ ወንድና ሴት ሆኖ ለየብቻ ይበቅላል፤ የአገሩ ሰዎችም ወንዶቹ ዛፎች በማዕበል ሌሊት ተነሥተው ወደ ሴቶቹ ይሄዳሉ ብለው ያወራሉ። ሙሽሮች ይህን ተረት ቢወዱት አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ሙሽሮቹ እስከ 1971 ድረስ ወደዚያ መሄድ አይቀላቸውም ነበር። ያን ጊዜ መንገደኛ ከሞምባሳ ወይም ከቦምባይ መርከብ መጠበቅ ነበረበት። ርቀቱን ያሳጠረው በ1971 ሥራ ጀምሮ በሚከተለው ዓመት በንግሥት ኤልሳቤጥ የተመረቀው የማሄ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የተሠራበትን ምክንያት ግን ከጎብኚዎች ጥቂቶች ብቻ ሳያውቁት አይቀሩም። እንግሊዝ በ1965 የቻጎስን ደሴቶች ከሞሪሸስ፥ አልዳብራን፥ ፋርኳርንና ዴሮሽን ደግሞ ከሲሸልስ ነጥላ፥ ለወታደራዊ ጥቅም አዲስ ግዛት አቋቁማ ነበር። ማረፊያው ለሲሸልስ የተሰጠ ካሣ ነው። ሦስቱ ደሴቶች በ1976 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ተመለሱላት፤ ቻጎስ ግን አልተመለሰም።

በቻጎስ ውስጥ ዲየጎ ጋርሲያ የምትባለው ደሴት ለአሜሪካ ጦር ሠፈር ተፈለገች። ስለዚህም ከ1968 እስከ 1973 ነዋሪዎቹ በሙሉ ከቻጎስ እንዲወጡ ተደረገ። እነዚህ ነገሥታት አልነበሩም፤ በኮኮናት እርሻ የሚሠሩ ድኾች ነበሩ፥ የሚፈራቸውም አልነበረም። በ1971 ከዲየጎ ጋርሲያ በመርከብ የተጫኑት ማሄ ሲደርሱ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ፤ ወደ ሞሪሸስ የሚቀጥሉት ደግሞ ሌላ መርከብ እስኪመጣላቸው ድረስ በከተማው ወህኒ ቤት ውስጥ እንዲቈዩ ተደረገ። በዚያው ዓመት፥ በዚያው ደሴት፥ በአዲሱ ሜዳ ላይ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው ከአውሮፕላን ይወርዱ ነበር።