የተቆረጠው ታሪክ በሲኒማ ሲቋጭ፦ የጃፓን የሮቦት ፊልሞች ዳግም ፍጻሜ

አኒሜ በሚባለው የጃፓን የካርቱን ፊልም ውስጥ ሜካ የሚሰኘው ዘርፍ፣ ሰው ውስጡ ገብቶ በሚነዳው ግዙፍ ሮቦት ላይ የሚያጠነጥን ሲሆን፣ በ1970ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ለቴሌቪዥን የሚሠራበት ገንዘብ በአብዛኛው የሚገኘው የሮቦቱን አሻንጉሊት ከሚሸጡ ኩባንያዎች ነበር። ስለዚህም የተከታታዩን ዕድሜ የሚወስነው የታሪኩ ርዝመት ሳይሆን የአሻንጉሊቱ ገበያ ነበር፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ታሪኩ ካለበት ይቆረጥ ነበር። ሶሹሄን የሚባለው፣ በቴሌቪዥን የታዩ ክፍሎችን መርጦና አሳጥሮ ወደ ሲኒማ የሚያመጣው አሠራር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ቢሆንም፣ ለአንዳንድ ባለሙያዎች የተነጠቁትን ፍጻሜ ማስመለሻ ሆኗል።

ለዚህ አሠራር በር የከፈተው ሜካ ሳይሆን የጠፈር መርከብ ታሪክ ነው። ተመልካች በማጣቱ በ26 ክፍል የተቋጨው «የጠፈር ጦር መርከብ ያማቶ» በ1977 ተጠቃሎ ለሲኒማ ሲቀርብ ወጣቶች እየተሰለፉ አዩት።

በዮሺዩኪ ቶሚኖ ዳይሬክተርነት በ1979 የጀመረው «ሞባይል ሱት ጋንዳም»ም ከታቀዱለት 52 ክፍሎች 43ቱ ብቻ ከታዩ በኋላ የቆመ ሲሆን፣ ከ1981 እስከ 1982 በሦስት ፊልሞች እንደገና ቀረበ። ስፖንሰሩ ክሎቨር ለሽያጭ ሲል እንዲገባ ያደረገው ጂ-አርመር የተባለ ተጨማሪ ማሽን ከፊልሞቹ ወጥቶ፣ በምትኩ ለጦርነት ታሪክ የሚስማማ ኮር ቡስተር የሚባል ተዋጊ አውሮፕላን ገባ። የሥዕሉ መሪ ዮሺካዙ ያሱሂኮ በተከታታዩ ማገባደጃ ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ስለነበር፣ ሦስተኛው ፊልም በአብዛኛው እንደ አዲስ ተሥሎ የእጁን ውበት ተላብሷል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የዚሁ ዳይሬክተር «ኢዲዮን» ነው። ተከታታዩ በጃንዋሪ 1981 በ39ኛው ክፍል ሲቋረጥ፣ ጦርነቱ ተጋግሎ ሳለ ተራኪው ሁሉም ነገር እዚያው እንዳበቃ በጥቂት ቃላት ተናግሮ ይዘጋዋል። በጁላይ 1982 ሁለት ፊልሞች በአንድ ቀን ለእይታ በቁ፤ የመጀመሪያው ያለፈውን አጠቃለለ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሳይታዩ የቀሩትን አራት ክፍሎች ታሪክ ይዞ መጣ። በዚህኛው ሕፃናት ሳይቀሩ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ይሞታሉ፤ ነፍሶቻቸውም ጠላትና ወዳጅ ሳይለዩ ተሰባስበው ወደ አዲስ ፕላኔት ይጓዛሉ። ለልጆች መጫወቻ ማስታወቂያ ይሆናል ተብሎ ከተጀመረ ሥራ እንዲህ ያለ የጥፋትና የምሕረት ራእይ መውጣቱ፣ ይህን ፊልም ከዘርፉ ታላላቅ ሥራዎች ተርታ ያሰልፈዋል።

«ኢቫንጌሊየን» የተባለውን የሜካ ተከታታይ ግን የቆረጠው ማንም አልነበረም። ዳይሬክተሩ ሂዴአኪ አኖ በ1996 ሃያ ስድስቱንም ክፍሎች ሲጨርስ የመጨረሻዎቹን ሁለት በገጸ ባሕርያቱ ኅሊና ውስጥ አድርጎ ብዙ ተመልካች ግር ስላሰኘ፣ በ1997 ሌላ ፍጻሜ በሲኒማ አቀረበ፤ ከ2007 እስከ 2021 ባወጣቸው አራት ፊልሞችም ታሪኩን ከመነሻው አንሥቶ ለሦስተኛ ጊዜ ቋጨው።

ቶሚኖም ከ2005 እስከ 2006 የጋንዳም ቀጣይ ወደሆነው «ዜታ ጋንዳም» ተመልሶ፣ በ1986 በቴሌቪዥን አእምሮውን ስቶ የቀረውን ዋና ገጸ ባሕርይ ካሚልን በፊልሙ ጤነኛ አድርጎ ከወዳጁ ፋ ጋር አገናኘው። ቀጣዩ ተከታታይ «ድርብ ዜታ» የሚጀምረው ከካሚል ሕመም በመሆኑ አዲሱ ፍጻሜ ከእርሱ ጋር አይገጥምም፤ ዳይሬክተሩ ግን ለተከታታዮቹ መያያዝ ሳይሆን ለልጁ መዳን አደላ።