ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ በሞጆ ደረቅ ወደብ፦ የወጪው ፋይዳ በምን ይለካል?

የሞጆ ደረቅ ወደብ በኦሮሚያ ክልል በቢሾፍቱና በአዳማ ከተሞች መካከል፣ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ይህ ወደብ በጅቡቲ በኩል በኮንቴይነር የሚገቡ የአገሪቱ ዕቃዎች አብዛኛዎቹ የሚስተናገዱበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የንግድ መርከብ፣ የባሕርና ትራንዚት እንዲሁም የደረቅ ወደብ ድርጅቶች ተዋሕደው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ሲቋቋም የወደቡ አስተዳደርም በአንድ ተቋም ሥር ሆኗል።

አንድ ኮንቴይነር ከወደቡ እስኪወጣ ድረስ በበርካታ እጆች ያልፋል። የባንክ ፈቃድ፣ የመርከብ ጭነት ሰነድ፣ የዋጋ ኢንቮይስና እንደ ዕቃው ዓይነት ከተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች የሚሰጥ ፈቃድ ተሟልተው መቅረብ አለባቸው። የጉምሩክ አስተላላፊው ዲክላራሲዮን ይሞላል፤ ቀረጥና ታክስ ይከፈላል፤ አስፈላጊ ሲሆን ዕቃው ይፈተሻል፤ የወደቡ የአገልግሎት ሂሳብ ከተዘጋ በኋላም ተሽከርካሪው መውጫ ፈቃድ ይዞ በሩን ያልፋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ኮንቴይነሩ ባለበት ይቆማል።

የመቆየቱ ዋጋ ቀላል አይደለም። አስመጪው የማከማቻ ኪራይ ይከፍላል። ኮንቴይነሩ በወቅቱ ካልተመለሰም የመዘግየት ክፍያ ይከተላል፤ ባለንብረቱ የውጭ መርከብ ድርጅት ከሆነ ይህ ክፍያ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ጥሬ ዕቃ የሚጠብቅ ፋብሪካ ማሽኑን ያቆማል፤ ወጪው ሁሉ በመጨረሻ በሸማቹ ላይ ያርፋል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በጥር 2018 መደበኛ አገልግሎት መስጠት ከጀመረ ወዲህም ቁም ነገሩ አልተለወጠም፤ በመንገድ ላይ የተቆጠበው ሰዓት በሰነድ ጥበቃ ሊባክን ይችላልና።

ሥርዓቶቹና አመጣጣቸው

የኢትዮጵያ ጉምሩክ በተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ የተዘጋጀውን አሲኩዳ የተሰኘ ሥርዓት ለረጅም ዓመታት ሲጠቀም ቆይቶ፣ በኋላ በኤሌክትሮኒክ የጉምሩክ ማኔጅመንት ሥርዓት ተክቶታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ይፋ ሆኗል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ያጸደቀው የ150 ሚሊዮን ዶላር የንግድ ሎጂስቲክስ ፕሮጀክትም የሞጆን ወደብ መሠረተ ልማት ከማሻሻል ጎን ለጎን የአንድ መስኮት ሥርዓቱን መደገፍን ያካተተ ነበር።

የአንድ መስኮት አሠራር መርህ የተባበሩት መንግሥታት የንግድ አሳላጭ አካል እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው 33ኛ የውሳኔ ሐሳብ ተብራርቷል። ነጋዴው መረጃውን አንድ ጊዜ፣ በአንድ መግቢያ ያቀርባል፤ መሥሪያ ቤቶቹም እርስ በርስ ይጋሩታል። ሲንጋፖር ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1989 በጀመረችው ትሬድኔት አማካይነት ቀናት ይፈጅ የነበረውን የሰነድ ፈቃድ ወደ ደቂቃዎች አውርዳለች። ይህ የተገኘው በኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን ቅጾቹን አስቀድሞ በማዋሐድ ጭምር ነው።

ፋይዳው ከየት ይመነጫል?

የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ጥናት በየመሥሪያ ቤቱ ሲካሄድ እንደታየው፣ አላስፈላጊ ደረጃዎች ሳይወገዱ የሚገባ ኮምፒውተር የቀድሞውን መጉላላት በአዲስ መሣሪያ ከማስቀጠል አያልፍም። በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ ሰነድ እንደገና ታትሞና ማኅተም አርፎበት እንዲቀርብ የሚጠየቅ ከሆነ ሥራው ሁለት ጊዜ ይሠራል። ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ ብቻ ከሥርዓቱ ውጭ ቢቀርም አስመጪው የዚያን ፈቃድ ለማግኘት መመላለሱን አይተውም።

የስጋት ደረጃ አወሳሰን ሌላው ማሳያ ነው። ሥርዓቱ ዲክላራሲዮኖችን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ መስመር ይለያል፤ አረንጓዴው ያለ ፍተሻ ያልፋል፣ ቢጫው በሰነድ ይመረመራል፣ ቀዩ ዕቃው ተከፍቶ ይታያል። ነገር ግን አብዛኛው ዕቃ ወደ ቀይ መስመር የሚመራ ከሆነ ሶፍትዌሩ ቢሠራም የፍተሻው ሰልፍ አያጥርም። እዚህ ላይ ጊዜ የሚያስገኘው የመሣሪያው መኖር ሳይሆን የስጋት መመዘኛው በመረጃ ላይ ተመሥርቶ በየጊዜው መስተካከሉ ነው።

ልኬቱ፦ የቆይታ ቀን

ለደረቅ ወደብ ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ ኮንቴይነሩ ገብቶ እስኪወጣ የሚቆይባቸው ቀናት ናቸው። ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በቀን 400 ኮንቴይነሮች የሚገቡበትና እያንዳንዳቸው በአማካይ 20 ቀን የሚቆዩበት ወደብ 8,000 ኮንቴይነሮች የሚያርፉበት ቦታ ያስፈልገዋል። ቆይታው ወደ 15 ቀን ቢወርድ 6,000 ይበቃዋል። በዚህ ምሳሌ ፈጣን አሠራር አንድ ሜትር ኮንክሪት ሳይነጠፍ የ2,000 ኮንቴይነር ቦታ አስገኝቷል ማለት ነው። የቴክኖሎጂው ወጪም ሊነጻጸር የሚገባው ከዚህ ዓይነቱ ጥቅም ጋር ነው።

ስለሆነም የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ በጀት የሚያጸድቅ ኃላፊ አስቀድሞ ሊያጤናቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ ሥርዓቱ ከመተከሉ በፊት ያለው የአገልግሎት ጊዜ ተለክቶ ሊመዘገብ ይገባል፤ መነሻው ካልታወቀ መሻሻሉን ማረጋገጥ አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ውጤቱ በተገዙ ኮምፒውተሮች ወይም በሠለጠኑ ሠራተኞች ቁጥር ሳይሆን በተገልጋዩ ጊዜና ወጪ መቀነስ ሊገለጽ ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ ተጠያቂነቱ ለኮምፒውተር ክፍሉ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የሥራ ሂደቱ ባለቤት የሆነው ኃላፊ ለውጤቱ ሊጠየቅ ይገባል።

አራተኛ፣ ከግዢው ዋጋ በተጨማሪ የፈቃድ እድሳት፣ የጥገና፣ የመጠባበቂያ ኃይልና የኔትወርክ ወጪ ለአገልግሎት ዘመኑ በሙሉ መታቀድ አለበት። መብራት ወይም ኔትወርክ በተቋረጠ ጊዜ ሥራው እንዴት እንደሚቀጥልም በቅድሚያ መወሰን ይኖርበታል።

አምስተኛ፣ አዲሱ ሥርዓት ሥራ ላይ ሲውል የወረቀቱ አሠራር የሚቆምበት ቀን ተቆርጦ መታወቅ አለበት።

እነዚህ ነጥቦች ለሌሎች ደረቅ ወደቦችም ሆነ ለማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለግላሉ። ለቴክኖሎጂ የወጣው የሕዝብ ገንዘብ ዋጋ ማግኘቱ የሚረጋገጠው ሥርዓቱ በተመረቀበት ዕለት ሳይሆን፣ ከዓመት በኋላ በወደቡ በር የሚወጣው ኮንቴይነር ስንት ቀን ቆይቶ እንደወጣ ሲታይ ነው።