መሐል ሜዳ ላይ ማን ይቆጠራል?

እስቲ በገበያ ቀን ጠዋት መሐል ሜዳ ከተማ መግቢያ ላይ ቆማችኋል እንበል። የመንዝ ብርድ ጋቢ ያስደርባል፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። እጃችሁ ላይ የትራፊክ ቆጠራ ቅጽ አለ። ሥራችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልፈውን ተሽከርካሪ መመዝገብ ነው፦ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ አውቶቡስ፣ ባጃጅ። ሰዓቱ ሲያልቅ ቅጹ ላይ ያለው ቁጥር ጥቂት ነው። መንገዱ ግን ጢም ብሎ ነበር! ገብስ የጫነ አህያ፣ በግ የሚነዳ ልጅ፣ ባና የተሸከመች እናት፣ በበቅሎ የመጡ አዛውንት አልፈዋል። ለእነሱ ቅጹ ቦታ የለውም።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ችግሩን ለማየት ይህ የመቁጠር ነገር ከየት እንደመጣ እንመልከት።

አንድ ትምህርት ቤት፣ ገበያ ወይም መናኸሪያ ከመገንባቱ በፊት መሐንዲሶች አራት ጥያቄ ይጠይቃሉ። ስንት ጉዞ ይፈጥራል? ሰዎቹ ከየት ይመጣሉ? በምን ይመጣሉ? በየትኛው መንገድ? ከዚያ መንገዱ ይችለው እንደሆነና ካልቻለ ምን መሠራት እንዳለበት ያሰላሉ። ይህ የትራፊክ ተጽዕኖ ግምገማ ይባላል።

የሐሳቡ አንድ ትልቅ መነሻ በፈረንጆቹ 1954 የወጣ መጽሐፍ ነው። ሮበርት ሚቼልና ቼስተር ራፕኪን የተባሉ አሜሪካውያን፣ የከተማ ትራፊክ ዝም ብሎ የሚመጣ ሳይሆን መሬቱ ላይ ከተሠራው ነገር የሚወለድ መሆኑን አስረዱ። በ1976 ደግሞ የአሜሪካ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ማኅበር፣ ይህን ያህል ስፋት ያለው ሱቅ ወይም ቢሮ በሰዓት ይህን ያህል ጉዞ ይስባል የሚል የቁጥር ማውጫ ማሳተም ጀመረ። በጣም ጠቃሚ ሥራ ነበር። ነገር ግን ልኬቶቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ሰው ሁሉ በመኪና ከሚንቀሳቀስባቸው የአሜሪካ ከተማ ዳርቻዎች ነው። ስለዚህ እዚያ «ጉዞ» ማለት «መኪና» ማለት ሆነ። መለኪያው የተወለደበትን አገር መልክ ይዞ ወደሌላው ዓለም ሄደ።

በእኛ አገርስ? መጀመሪያ የመጣው መንገዱ ነው፤ ጥያቄው ኋላ ነው የደረሰው። ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ከዋናው የደሴ መስመር የሚገነጠለው ጣርማ በር ላይ ነው። እዚያ ያለውን ዋሻ የቆፈረው የጣሊያን ወራሪ ነው፤ የፈለገውም አስመራንና አዲስ አበባን አገናኝቶ ጦሩንና ስንቁን ለማመላለስ ነበር። «የመንዝ ገበሬ በዚህ በኩል ምን ያደርጋል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ባንክ ብድር ድጋፍ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የዚያን ጊዜ ትልቁ ጭንቀት በጦርነት የተጎዱትን ዋና መንገዶች ጠግኖ አገሩን ማገናኘት ነበር።

ጥያቄው ሲዘለል ምን እንደሚመጣ ለማየት ደግሞ አዲስ አበባን ተመልከቱ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እንደ ጀሞና የካ አባዶ ባሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ኮንዶሚኒየም በብዛት ተሠራ። ቤቱ ወደ ዳር ሄደ፤ ሥራው በአብዛኛው መሐል ከተማ ቀረ። የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ የተወለደው በከፊል ከዚህ ነው። ሚቼልና ራፕኪን ያሉትም ይኸው ነበር። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ብዙ ሰው ያጓጉዛል፤ ሆኖም ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ ለእግረኛ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል። ድሮ ቀጥ ብሎ ይሻገር የነበረ ሰው አሁን ዞሮ ይሄዳል። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች እንደሆኑ ስታውቁ፣ የመሻገሪያ ጉዳይ የምቾት ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

አሁን ወደ መሐል ሜዳ እንመለስ። ለምሳሌ ያህል አዲስ ገበያ ሊሠራ ነው እንበል፤ በአንድ ሰዓት 600 ሰው ይመጣል። 570ው በእግርና በጋማ ከብት፣ 30ው በሦስት ሚኒባስ። መኪና ብቻ የሚቆጥር ቅጽ «3» ብሎ ይጽፋል። ቅጹን ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚያነብ መሐንዲስም «መንገዱ ይበቃል» ይላል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ጥያቄው ነው የተሳሳተው። በዚያ ውሳኔ የእግረኛ መንገድ አይሠራም፣ አህያ የሚታሰርበት ቦታ አይተውም፣ መሻገሪያ አይኖርም። መንገዱ ተሻሽሎ መኪናው መፍጠን ሲጀምር ዋጋውን የሚከፍለው ያው በግ የሚነዳው ልጅ ነው።

ደስ የሚለው፣ መለኪያውን ማስተካከል ይቻላል። የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን በ2003 ዓ.ም. ያዘጋጀው አነስተኛ ትራፊክ ላላቸው መንገዶች የሚያገለግል የዲዛይን መመሪያ፣ እግረኛው፣ የጭነት እንስሳውና ጋሪው የትራፊኩ አካል ተደርገው እንዲታሰቡ ይጠይቃል። የቀረው መመሪያውን መንገድ ዳር ይዞ መውረድ ነው።

ይህን ደግሞ እናንተም መጀመር ትችላላችሁ። እርሳስና ደብተር ይዛችሁ በገበያ ቀን አንድ ሰዓት ሰፈራችሁ መንገድ ዳር፣ ከመኪና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። መኪናውን በአንድ ዓምድ፣ እግረኛውን በሌላ፣ እንስሳውን በሦስተኛ ቁጠሩ። ከዚያ ሦስቱን ድምር አወዳድሩና መንገዱ ለማን እንደተሠራ እዩት።